ሞተሩ ሳያረጅ ሞተር ሳይክሉ ለምን ያረጃል?

ሞተር ሳይክል ሊገዛ ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «አስተማማኝ ነው?» መልሱም ብዙ ጊዜ የአንድ ፋብሪካ ስም ነው። «ሆንዳ ከሆነ አይበላሽም።» «የጣሊያን ከሆነ ይቅርብህ።» ጨዋታው እዚያው ያልቃል።

ችግሩ ግን ይህ አንድ ጥያቄ ሦስት ጥያቄ በሆዱ መያዙ ነው። አንደኛው በየስንት ጊዜው ይበላሻል የሚል ነው። ሁለተኛው ሲበላሽ መንገድ ላይ ገትሮኝ ይቀራል ወይስ እያነከሰም ቢሆን ቤቴ ያደርሰኛል የሚል ነው። ሦስተኛውን ገዢ ብዙም አያነሳውም፦ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ሲበላሽ የሚነካው መካኒክ፣ የሚገጠምለትስ ዕቃ ይኖራል ወይ?

በእኔ እይታ የዛሬ ሞተር ሳይክሎች በመጀመሪያው ጥያቄ ከቀደሙት በእጅጉ ይሻላሉ። በሦስተኛው ግን ወደ ኋላ እየሄዱ ነው። ስለ አስተማማኝነት የሚወራው ወሬ የሚዛባውም ሦስቱን አንድ ላይ ስለምንቀቅላቸው ይመስለኛል።

እስቲ ከቁጥር እንጀምር። ለሸማቾች ዕቃ የሚመረምረው የአሜሪካው ድርጅት ኮንሱመር ሪፖርትስ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ11 ሺህ በላይ ሞተር ሳይክሎችን የሚመለከት የባለቤቶች ጥናት አውጥቶ ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመቶች በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄው አራት ዓመት ከሞላቸው ውስጥ ስንቱ ብልሽት ገጥሞታል የሚል ነበር። ያማሃ 11 በመቶ ሲሆን፣ ሃርሊ ዴቪድሰን 26፣ ቢኤምደብሊው ደግሞ 40 በመቶ ወጣ። የሚገርመው፣ ከሃርሊ ባለቤቶች ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ያንኑ ደግመን እንገዛለን ብለዋል። ፍቅር ብልሽት አይቆጥርም።

ይህን ቁጥር ይዞ «ቢኤምደብሊው አትግዙ» ማለት ግን ችኮላ ነው። ትልልቅ የጉዞ ሞተር ሳይክሎች ብዙ ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። የሚጫንባቸው ነገርም መዓት ነው፤ የሚሞቅ መያዣ፣ በኤሌክትሪክ የሚስተካከል ሳስፔንሽን (የመንገድ ንዝረት የሚያበርደው ክፍል)፣ ሬዲዮ። የሌለ ነገር ደግሞ አይበላሽም። ለእኔ ከፋብሪካዎቹ ደረጃ ይልቅ ቁም ነገሩ ያለው ብልሽቱ የት እንደደረሰ በሚያሳየው ክፍል ላይ ነው። ሩብ ያህሉ የኤሌክትሪክ ነው። ቀጥሎ መብራትና ጌጅ የመሳሰሉት ይመጣሉ፣ ከዚያ ፍሬን። እነዚህ ሦስቱ ብቻ ከግማሽ በላይ ይይዛሉ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ፒስተንና ማርሽ ከእነዚህ ኋላ ነው።

ሞተሩ ጥሩ ቦታ ደርሷል

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ሆንዳ በ1976 ሲጂ 125ን ሲያወጣ አስቀድሞ ያጠናው በታዳጊ አገሮች ያለውን ተጠቃሚ ነበር። ያ ተጠቃሚ ከአቅም በላይ ይጭናል። ዘይት የሚቀይረው ሲያስታውስ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ካም ሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ከላይ አንስተው ወደ ታች አወረዱት፣ ቫልቮቹም በዘንግ እየተገፉ እንዲከፈቱ አደረጉ። በወቅቱ ይህ አሮጌ አሠራር ነበር። ግን የሚላላ የካም ሰንሰለት የለም፣ ሰንሰለቱን የሚወጥር ዕቃም የለም። ዘመናዊ መባልን ትተው አለመበላሸትን መረጡ። ያ ሞተር እስከ ዛሬ በቅጂ እየተመረተ ዓለምን ይዞራል።

ዛሬ ግን ያን ያህል ወደ ኋላ መመለስ አያስፈልግም። ያማሃ ኤምቲ-07 ላይ ያለው ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር የቫልቭ ክፍተቱ የሚታየው በየ40 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ነው። የጣሊያኑ ዱካቲ ለአሥርት ዓመታት መለያው የነበረውን፣ ቫልቭን ያለ ሞላ የሚዘጋውን አሠራር በ2020 ይፋ ባደረገው ቪ4 ግራንቱሪስሞ ሞተር ላይ ትቶ ወደ ተራ ሞላ ተመለሰ። የቫልቭ ምርመራውም ወደ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ተራዘመ። ዱካቲ እንዲህ ካደረገ ገበያው ምን እየጠየቀ እንደሆነ ግልጽ ነው።

የሲሊንደሩ ግድግዳም ተለውጧል። በብዙ ዘመናዊ ሞተሮች አሉሚኒየሙ በኒኬልና በሲሊከን ካርባይድ ይለበጣል። ሽፋኑ ከቀድሞው ብረት ሲሊንደር ይልቅ በጣም ዝግ ብሎ ይበላል። ዘይቱ በሰዓቱ ከተቀየረና የአየር ማጣሪያው ከጸዳ ሞተሩ ባለቤቱን ሊሰለቸው ይችላል እንጂ በቀላሉ አያልቅም።

ግን እዚሁ ላይ ሌላ ነገር አለ። የድሮው ብረት ሲሊንደር ሲበላ ቶርኖ ቤት ይወሰድ ነበር። ትንሽ ይሰፋል፣ በሩብ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን ይገባለታል፣ ሥራው ይቀጥላል። ያም ሲበላ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ይገባል። የተለበጠው ሲሊንደር እንዲህ አይሰፋም። ወይ ልዩ ሙያ ያለው ቤት እንደገና ይለብጠዋል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ይተካል። ብዙ ይቆያል፣ ያለቀ ዕለት ግን ያልቅለታል። የዘመናዊ ሞተር ሳይክል ጠባይ በአጭሩ ይኸው ነው፤ በሌሎች ክፍሎቹም ላይ ታገኙታላችሁ።

ሦስቱ ቢጫ ሽቦዎች

ሞተር ሳይክል ገትሮ የሚያስቀር ብልሽት ስም ጥሩ ብባል ያለ ማመንታት የቻርጅ ሥርዓቱን እጠራለሁ። በጣም ተራ ነገር ስለሆነ ማንም አያወራለትም።

የብዙ ሞተር ሳይክሎች ዲናሞ ከመኪናው የሚለየው ማግኔቱ ቋሚ በመሆኑ ነው። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ቀንስ ቢሉት አይቀንስም። ልክ እንደማይዘጋ ቧንቧ ነው። የሚፈለገው ጥቂት ቢሆንም ሙሉውን ያፈሳል። ትርፉን የማስወገድ ዕዳ የሚወድቀው በሬጉሌተሩ ላይ ነው። የተለመደው ዓይነት ሬጉሌተር ትርፉን ወደ ዲናሞው መልሶ ሾርት እያደረገ ቮልቴጁን ይይዛል። በዚህ መሀል የሚፈጠረው ሙቀት ነው። ፋብሪካው ሬጉሌተሩን አየር በማያገኝበት ቦታ፣ ለምሳሌ ወንበር ሥር ከሸጎጠው፣ ራሱን በራሱ ይጠብሳል።

ነገሩን የሚያባብስ አንድ የተለመደ ስህተትም አለ። ሰው «ባትሪዬን ላሳርፍ» ብሎ የፊት መብራቱን በኤልኢዲ ይቀይራል። ፍጆታው ቀነሰ፣ ጥሩ። ዲናሞው የሚያመነጨው ግን አልቀነሰም። ስለዚህ ሬጉሌተሩ የሚያስወግደው ትርፍ ጨመረ፣ ሙቀቱም እንደዚያው። ይህ ሾርት የሚያደርገውን ዓይነት ሬጉሌተር ብቻ የሚመለከት ነው፤ በአዳዲሶቹ ላይ ትርፉን ሾርት ከማድረግ ይልቅ መስመሩን የሚያቋርጥ ሌላ ዓይነት እየተለመደ መጥቷል።

የዚህ ሁሉ ውጤት የሚታየው ትንሽ ሶኬት ላይ ነው። ከዲናሞው የሚወጡት ሦስት ሽቦዎች በብዙ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ቢጫ ናቸው። ወደ ሬጉሌተሩ የሚገቡበትን ነጭ የፕላስቲክ ሶኬት ፈታችሁ እዩት። ጤነኛ ከሆነ ነጭ ነው። መሞቅ ከጀመረ በአንደኛው ሽቦ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ይወጣል። ከዚያ ፕላስቲኩ እንደ ከሰል ይደርቃል፣ ሽቦውም ጎማው ጠንክሮ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ውስጡ ሽቦዎቹን የሚያገናኘው ብረት ዝጎ ስለላላ ነው። የላላ ግንኙነት ይሞቃል፣ ሙቀቱ ደግሞ የባሰ ያላላዋል።

ምርመራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ባትሪው ላይ አድርጉ። ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። አስነስታችሁ 5 ሺህ ዙር አካባቢ ስትይዙት ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መሆን አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ባትሪው እየተሞላ አይደለም፤ እየነዳችሁት ያለው ባትሪው የያዘውን ነው። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። አሮጌው ካርቡሬተር ያለው ሞተር ሳይክል ደካማ ባትሪ ይዞ ቢያንስ ትንሽ ይጓዝ ነበር። ዘመናዊው የነዳጅ ፓምፕ፣ ነዳጅ የሚረጭ ኢንጀክተርና ኮምፒውተር አለው፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ሁሉም አንድ ላይ ያኮርፋሉ።

ዕቃ በበዛ ቁጥር

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድ ዕቃ አሥር ዓመት ሳይበላሽ የመቆየት ዕድሉ 99.9 በመቶ ነው እንበል። ግሩም ዕቃ ነው። እንዲህ ያሉ 100 ዕቃዎች ቢኖሩና አንዱም እንዳይበላሽ ብንፈልግ ዕድላችን ወደ 90 በመቶ ይወርዳል። 300 ሲሆኑ 74 በመቶ ይሆናል። አንዱም ዕቃ መጥፎ አይደለም። ብዛታቸው ብቻ ነው የጎዳን።

የዛሬ ሞተር ሳይክል ላይ ደግሞ ዕቃው እየበዛ ነው። ጋዙ በኬብል ሳይሆን በኤሌክትሪክ ምልክት ይሠራል። ሞተር ሳይክሉ ምን ያህል እንዳዘነበለ የሚለካ ሴንሰር አለ። ጌጁ ሙሉ ስክሪን ሆኗል። ቁልፉ ውስጥ ቺፕ አለ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ቁልፎቹን በሙሉ የጣለ ሰው ኮምፒውተሩን ጭምር እስከ መቀየር ሊደርስ ይችላል።

ይህን ስል ኤሌክትሮኒክስ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን ኤቢኤስን ውሰዱት። በአውሮፓ ኅብረት ከ2016 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ግዴታ ሆኗል፤ ሕይወት ያተርፋል፣ ክርክር የለውም። ግን የኤቢኤሱ ፓምፕ ውስጥ በጣም ቀጫጭን ቫልቮች አሉ። የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ይስባል። በየሁለት ዓመቱ ካልተቀየረ እርጥበቱ እነዚያን ቫልቮች ያዝጋቸዋል። ድሮ የፍሬን ዘይት የረሳ ሰው የሚጠብቀው የላላ ፍሬንና አንድ ርካሽ ጎሚኒ መቀየር ነበር። አሁን የሚጠብቀው ሙሉ ፓምፕ መቀየር ነው፣ ያውም ከተገኘ።

ኢንጀክሽንንም ያለ ስሙ ስም አንስጠው። ካርቡሬተር ጥቂት ወር ከቆመ ውስጡ ያለው ቤንዚን ወደ ሙጫ ይለወጥና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ብርድ ሲሆን ይለግማል፣ ከፍታ ሲወጣ ይታፈናል። ኢንጀክሽን ይህን ሁሉ ራሱ ያስተካክላል። «የድሮ ዕቃ ሌላ ነው» የሚለው ወሬ ውስጥ ደግሞ አንድ ማታለያ አለ። ዛሬ መንገድ ላይ የምናያቸው የ40 ዓመት ሞተር ሳይክሎች የተረፉት ናቸው። ያልተረፉት ቀልጠው ሌላ ብረት ሆነዋል። የቀሩትን ብቻ አይቶ ዘመኑን ሁሉ ማወደስ አይሆንም።

ሕጉስ ስለ ዕድሜ ምን ይላል? በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ሞተር ሳይክል የጭስ መጠኑን ጠብቆ እንዲቆይ የሚጠበቀው በሰዓት 130 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሮጥ ከሆነ 35 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በታች ከሆነ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ስለ ጭስ ብቻ ነው እንጂ ስለ ሞተሩ ዕድሜ አይደለም። ቢሆንም ቁጥሩ ያሳዝናል። በ35 ሺህ ኪሎ ሜትር አንድ ደህና ሞተር ገና መላመዱ ነው።

ማን ይጠግነዋል?

ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 በ1987 ወጥቶ እስከ 2018 በመሠረታዊ አሠራሩ ሳይለወጥ ቆይቷል። በ2022 ሞዴልነት በኢንጀክሽን ተመለሰ። ዓለምን የዞሩበት፣ በጥንካሬው ስም ያተረፈ ሞተር ሳይክል ነው። ታዲያ ይህ ጠንካራ የተባለው ሞተር ሳይክል ለረጅም ዓመታት አንድ የታወቀ ደካማ ዕቃ ነበረው፤ የባላንሰሩን (የሞተሩን ንዝረት የሚቀንሰውን ክፍል) ሰንሰለት የሚወጥረው ትንሽ ብረት። ይሰበራል። ባለቤቶቹ በሙሉ ያውቁታል። ሌሎች አምራቾች የጠነከረውን ሠርተው ይሸጣሉ፣ ሰው ሞተር ሳይክሉን በገዛ ማግስት ይቀይረዋል፣ ነገሩ ተረሳ።

እኔ እንዲህ ያለውን እመርጣለሁ። የታወቀ፣ ርካሽ፣ መድኃኒት ያለው ድክመት ከማይታወቅ ፍጹምነት ይሻላል። አዲስ ሞዴል የወጣ ዓመት «ምንም ችግር አልተሰማበትም» ሲባል ገና ጊዜ አላገኘም ማለት ሊሆን ይችላል።

የሆንዳ ሱፐር ካብም ምስጢሩ ከፊሉ እዚህ ነው። ከ1958 ጀምሮ ሲመረት በ2017 ቁጥሩ 100 ሚሊዮን ደረሰ። ጥሩ ዲዛይን መሆኑ አያጠያይቅም። ግን 100 ሚሊዮን የተሸጠ ነገር መለዋወጫው አያልቅም፣ የሚያውቀው መካኒክም አይጠፋም። ብዛት ራሱ አስተማማኝነት ነው።

የተቃራኒው ምሳሌም ሞልቷል። ሃርሊ ዴቪድሰን ቢዩል የተባለውን እህት ሞተር ሳይክሉን ማምረት በ2009 አቆመ። የአሜሪካው ፖላሪስ በጥር 2017 ቪክቶሪ የተባለውን የሞተር ሳይክል ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ መለዋወጫ ለአሥር ዓመት አቀርባለሁ ብሎ ቃል ገባ። የኦስትሪያው ኬቲኤም በኅዳር 2024 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት ሄደ፣ በ2025 የሕንዱ ባጃጅ ተቆጣጠረው። የጣሊያኑ ኢነርጂካ ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል እየሠራ ቆይቶ በጥቅምት 2024 መክሰሩን አሳወቀ። የእነዚህ ፋብሪካዎች ሞተር ሳይክሎች በአንድ ሌሊት አልተበላሹም። ባለቤቶቻቸው ግን ትናንት ያልነበረ ጥያቄ ይዘው አደሩ።

የኢነርጂካው በተለይ ያሳስባል። ኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል የሞተር ዘይት የለው፣ ቫልቭ የለው፣ ካንዴላ የለው፤ በመጀመሪያው ጥያቄ አሸናፊ መሆን አለበት። ግን ባትሪውም ሶፍትዌሩም የአንድ ፋብሪካ ብቻ ናቸው። ፒስተን ሌላ ፋብሪካ ሊሠራው ይችላል። የተቆለፈ የባትሪ ሶፍትዌርን ግን ሰፈር ያለ መካኒክ አይፈታውም።

ስለ አነዳድ ብዙ አልልም፣ ብዙ ተብሏልና። ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች አንዱ ዘይት ሞተሩንም፣ ካምቢዮውንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል። ስለዚህ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 (JASO MA፣ MA2) የሚል የሞተር ሳይክል ደረጃ የተጻፈበት ዘይት ይፈልጋል፤ ማለስለሻ የበዛበት የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል። ሁለተኛ፣ መቆም ከመነዳት በላይ ይገድላል። ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነዳ ሞተር በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ ውስጡ የተጠራቀመው ውሃ አይተንም፣ ዘይቱ ይቆሽሻል።

ያገለገለ ስትገዙም የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» መሆን የለበትም። 60 ሺህ ሄዶ የየጊዜው አገልግሎት ወረቀቱ ያለው፣ 6 ሺህ ብቻ ሄዶ ስምንት ዓመት ጥግ ከቆመው ይሻላል። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2319 የሚል ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የነዳጅ ታንኩን ከፍታችሁ በባትሪ መብራት ዝገት ፈልጉ። የፍሬን ዘይቱ ቀለም ሻይ ከመሰለ የኤቢኤሱን ነገር አስቡበት። ወንበሩን አንሱና ያንን ነጭ ሶኬት ፈልጉት።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የዚያኑ ፋብሪካ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የወጣ ሞዴል መርጣችሁ መለዋወጫ ሻጭ ዘንድ ሦስት ዕቃ ጠይቁ፦ ሬጉሌተር፣ የኤቢኤስ ፓምፕ፣ ጌጅ። ሬጉሌተሩ አለ ይሏችኋል። ስለ ሁለቱ የሚሰጧችሁ መልስ፣ ዛሬ ለምትገዙት ሞተር ሳይክል በዚያ ዕድሜው የሚሰጠው መልስ ነው።